ለሰርግ ተጠርቼ ሜካፕ ቤት አልሰለፍም

ጥር ሲገባ ስልኬ በሰርግ ጥሪ ይጨናነቃል። ያው ታውቂው የለ፣ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለችው ጊዜ አጭር ናት፣ ያመለጠው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሊጠብቅ ስለሆነ የሚያገባ ሁሉ እዚያች ውስጥ ይጣደፋል። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ፀጉር ቤት መግቢያ የለም። ሙሽራ አለች፣ ሚዜዎች አሉ፣ የሙሽራዋ እህቶች አሉ፣ የሙሽራው እህቶችም አሉ። አንቺ ተራ እድምተኛ ነሽ። ተራሽ እስኪደርስ አዳራሹ ውስጥ ምሳ ተነስቷል።

ስለዚህ የራሴን ሜካፕ ራሴ ነው የምሠራው። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፣ ግን ዋናው ምክንያቴ እሱ አይደለም። የሚሠሩልኝ ፊት የኔ አይመስልም። ጠይም ነኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳልኩ «ትንሽ ፈካ እናድርግሽ» ይባላል፣ ከዚያ ፊቴ ቀይ ዳማ፣ አንገቴ ጠይም፣ ጆሮዬ ደግሞ በመሃል የተረሳ ሆኖ እወጣለሁ። ፈካ አድርጊኝ ያለ ማን ነው? ሁሉንም ባለሙያ አልወቅስም፣ እጃቸው የሚሳም አሉ። ግን እነሱ በጥር ለሙሽራ ተይዘዋል።

ቀለሙን ከገዛሽ ሥራው ተጋመሰ። ድሮ ለኛ ቆዳ የሚሆን ፋውንዴሽን፣ ያ ፊት ላይ ከሁሉ ሥር የሚቀባው የቆዳ ቀለም፣ ማግኘት ራሱ ጣጣ ነበር፤ ዘፋኟ ሪሃና በፈረንጆቹ 2017 ፌንቲ ቢዩቲ የተባለውን የሜካፕ ምርቷን፣ ፋውንዴሽኑን በ40 ዓይነት ቀለም፣ ስታወጣ ነው ብዙዎቹ ኩባንያዎች ጥቁር ቆዳ የሚባል ነገር እንዳለ ትዝ ያላቸው። አሁን መርካቶም ቦሌም ጠይም የሚሆን አይጠፋም፣ ችግሩ ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ መለየቱ ነው። እጅሽ ላይ አትሞክሪው፣ እጅና ፊት አንድ ቀለም አይደሉም። አገጭሽ ጠርዝ ላይ፣ ወደ አንገት በሚወርደው በኩል ትንሽ ቀቢና ከሱቁ ውጪ። የሱቅ መብራት ውሸታም ነው። ማኪያቶ ጠጪና ተመለሺ፤ አንዳንዱ ፋውንዴሽን ቆዳ ላይ ቆይቶ ስለሚጠቁር ቶሎ አትፍረጂ። በፀሐይ ብርሃን ስታዪው የቱ ጋ እንደቀባሽው ከጠፋብሽ እሱ ነው ያንቺ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የሰርግ ሜካፕ መስታወት ፊት ማማሩ ብቻ ምንም አያደርግም። የሚፈተነው አዳራሹ በር ላይ ነው። ከበሩ እስከ ወንበርሽ ስንት ጉንጭ እንደምትስሚ አስቢ እስቲ። አንዱን ሰው ሦስት አራቴ ነው፣ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ማቆሚያም የለው። «ነይ የኔ ቆንጆ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ብለው አንገትሽን እቅፍ የሚያደርጉ እናት አሉ። አዲስ ነጠላ ነው የለበሱት፣ እንደ ወተት የነጣ። አንዷን እትዬ አስታውሳለሁ፣ ሰላምታው ጋብ ሲል ነጠላቸውን ገልጠው ትከሻቸው ላይ የተሰለፈውን ቡናማ ምልክት አዩና «ይሄን ሁሉ ቀለም የምትቀቡት ለኔ ነጠላ ነው እንዴ?» አሉ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ሴትየዋ ግን አልሳቁም፣ እውነታቸውን ነው።

ለዚህ ነው ጉንጬ ላይ ፋውንዴሽን የማላበዛው። ዓይን ሥር፣ አፍንጫ ዙሪያና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ላይ ብቻ ኮንሲለር፣ ያን ወፈር ያለ መሸፈኛ ቀለም፣ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ፣ ሌላው ስስ ነው። ውሃ ነክቶት በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ መታ መታ እያደረግሽ አስገቢው፣ አታሹት። ፓውደር ጫን ጫን አድርጊበት። ከዚያ አንድ ሶፍት ዘርግተሽ ፊትሽ ላይ በመዳፍሽ ጫን በይው። ሶፍቱ ላይ የቀረውን ቀለም እዪው፤ ያ ሁሉ የሰው ነጠላ ላይ ሊሄድ የነበረ ነው። ሶፍቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪነሳ ድገሚው።

የራስሽ የሀበሻ ቀሚስም አለ። አንገትሽ ላይ ፋውንዴሽን እንዳታስነኪ፣ ጥልፉ ጠርዝ ላይ ነው የሚያርፈው። ቀለሙ ልክሽ ከሆነ አንገት መቀባት አያስፈልግም። ቀሚሱ ከኋላ ዚፕ ካለው ለመጨረሻ አቆይው፣ በእግርሽ በኩል ይገባል። በጭንቅላት የሚጠለቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ ልበሺና አሮጌ ነጠላ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊ። ተሳስቶ ከነካው በእርጥብ ሶፍት አትፈትጊው፣ ይሰፋል። ማታ ቤትሽ ስትገቢ ውሃ ሳይነካው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብ አድርጊበት፣ ቅባቱን እሱ ነው የሚያለቅቀው። ጥለቱ ጋ ከሆነ ቀለሙ እንዳይለቅ ቀስ ብለሽ።

የጥር ፀሐይን ደግሞ አትናቂ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፀሐዩ ቆዳን ይበልጥ ያቃጥላል፣ ፎቶውም ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። አየሩም ደረቅ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ፊትሽን በደንብ ቅባት አጠጪውና ቡናሽን እስክትጨርሺ ጊዜ ስጪው፣ ያለዚያ ፋውንዴሽኑ ልክ እንደ ክረምት ተረከዝ ይሰነጣጠቃል። ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባቱ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ዚንክ ወይም ታይታኒየም ያለበት ማታ በፍላሽ ሲነሱ ፊትን አመድ ያስመስለዋል። ነጭ ዱቄት የሚመስለው ፓውደርም እንዲሁ። ከቤት ሳትወጪ ጨለማ ክፍል ገብተሽ በስልክሽ ፍላሽ አንድ ፎቶ ተነሺ፣ ይነግርሻል። መብራት ቢጠፋብሽ አትደንግጪ፣ መስኮት ሥር ከመሥራት የተሻለ የለም።

ዓይን ላይ ኩል ይበቃኛል። ኩሉ ግን ያ ከገበያ የሚገዛው የድንጋይ ዱቄት አይሁን፤ እንዲህ ዓይነት ኩል ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይገኝበታል፣ ስለዚህ ምን እንዳለበት የተጻፈበት፣ ውሃ የማያስለቅቀው፣ እንደ መጻፊያ እርሳስ ተይዞ የሚቀባው ኩል ይሻላል። ማስካራውም ውሃ የማይበግረው ይሁን። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ እናቷ እንባቸው ጠብ ካለ ማንም አይተርፍም። ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት? ለኔ አይሆንም። እስክስታው ሲጋጋል አንዱ ጫፉ ይነሳና ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይን ጨፍኖ መዞር ነው። ደግሞ ታዳሚ ነሽ፣ ከሙሽራዋ በላይ አጊጦ መገኘትን ያገራችን እናቶች በዝምታ አያልፉትም።

ከንፈር ላይ ብዙ ሰው «አይለቅም» የተባለውን ሊፕስቲክ ያምናል። ውሃ አያስለቅቀው ይሆናል፣ ዶሮ ወጥና ክትፎ ግን ያስለቅቁታል፣ ቅቤው ያሟሟዋል። ሁለተኛ ጉርሻ ላይ መሃሉ ይጠፋና ዳር ዳሩ ክብ ሠርቶ ይቀራል። የከንፈር እርሳስ ከሊፕስቲኩ ተቀራራቢ ቀለም ገዝቼ ከንፈሬን በሙሉ እሞላውና ላዩ ላይ ሊፕስቲክ እደርባለሁ፤ ላዩ ቢሄድም ሥሩ ይቀራል። ከምሳ በኋላ እጅ ስትታጠቢ አፍሽንም ጠርገሽ እንደገና ቀቢ፣ በዘይቱ ላይ አትደርቢ።

ጭፈራው ሲሞቅ ላብ አይቀርም። ሶፍት አጥፈሽ ጫን፣ ጫን። መጥረግ የለም። ቦርሳዬ ውስጥ ሶፍት፣ ሊፕስቲክና ትንሽዬ ፓውደር ብቻ ናቸው፣ ሌላው ክብደት ነው።

ማታ ምንም ብትደክሚ ሳታስለቅቂው አትተኚ። ቤቢ ኦይል ወይም የኮኮናት ዘይት በመዳፍሽ አሙቀሽ ፊትሽን እሺው፣ በሶፍት ጥረጊው፣ ከዚያ በሳሙናሽ ታጠቢ። ለመልሱ እኔ ኩልና ሊፕስቲክ ብቻ ነው። ዘመድ ብቻ ነው ያለው፣ ፊቴን ያውቁታል፣ እትዬም በአዲስ ነጠላ ነው የሚመጡት።