አንኮበር ላይ ቬንትሌተር

የምኖረው ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ ደብረ ብርሃን አድጌ፣ አንኮበርን በሠርግም በለቅሶም ረግጬ ስመለስ ኖሬ፣ ለአንኮበር ማረፊያ ቤት በቴሌግራም 6,000 ብር ተበላሁ። ይኸው ተናገርኩት። ቤት ውስጥ እንደ ጉድ ስለተሳቀብኝ የእናንተ ሳቅ ብዙም አይከብደኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከአሜሪካ ለእንቁጣጣሽ ልትመጣ ሆነ። ከመጣች ስምንት ዓመቷ። "ሁለት ቀን አዲስ አበባ፣ ከዚያ እናንተ ጋ፣ ከዚያ ልጆቹን አንኮበርንና መንዝ ያለውን የጓሳ ጥብቅ ስፍራ አሳያቸዋለሁ" አለች። አንድ የቴሌግራም ቻናል ራሷ አግኝታ ላከችልኝ። ነጭ አንሶላ፣ ቁርስ፣ በመስኮቱ የሚታይ ተራራ። "ቀብዱን ክፈይልኝ፣ ስመጣ እሰጥሻለሁ" አለችኝ።

ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች፤ አንደበቷ ማር ነው። "የኔ እህት፣ ለበዓል ሰው በዝቶብናል፣ አንድ ቤት ብቻ ናት የቀረችን፣ እስከ ማታ ካልከፈልሽ ለሌላ እሰጣታለሁ፣ ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ" አለችኝ። ለእኔ ብላ! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዓለም ላይ መኖሬን አታውቅም።

ቴሌብር ላይ ቁጥሩን አስገባሁ። ብሩን ከመላካችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያችሁ የለ? የወንድ ስም መጣ። መልሼ ደወልኩላት። "የወንድሜ ስልክ ነው፣ የኔ ትንሽ ችግር አለበት" አለች። እዚህ ጋ ነው ማቆም የነበረብኝ። ስሙ እኮ የሚታየው ለዚሁ ነው፣ የምትልኩለትን ሰው እንድታዩበት። አላቆምኩም። ለምን? ይሉኝታ። ሴትዮዋን ፊት ለፊት ሌባ ያልኳት መሰለኝና አፈርኩ፣ ጭራሽ ይቅርታ ጠይቄያት ላክሁ። አሁን ሳስበው የተሰረቅሁት በቴሌግራም አይደለም፣ በይሉኝታዬ ነው። ደረሰኝ አምጪ ማለት ነውር፣ አድራሻሽ የት ነው ማለት ነውር፣ መልሶ መላልሶ መጠየቅ ነውር። ሌቦቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። "የኔ እህት" የሚሉትም ለዚሁ ነው።

ማታ ፎቶዎቹን ለእማዬ አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አደረገች፣ ጠጋ አደረገች፣ "ይሄ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?" አለች።

"ቬንትሌተር ነው።"

ዝም ብላ አየችኝ። "አንኮበር ላይ?"

በቃ፣ ያኔ ገባኝ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ልጅ ነኝ እኮ! እኛ አገር ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚያድር እንጂ በቬንትሌተር የሚተኛ ሰው አላየሁም። አንኮበር ደግሞ ጉሙ ቤት ድረስ የሚገባበት አገር ነው። ፎቶውን ከየትኛው ቆላ እንዳመጡት እነሱ ያውቃሉ። በጠዋት ስደውል ስልኩ ዝግ ነው፣ ቻናሉ ላይ ስጽፍ አግደውኛል። የግብይት ቁጥሩንና የተጻጻፍነውን ሁሉ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ አመለከትኩ። ብሩ አልተመለሰም። እኔ አንድ ሌሊት አድሬ ነው የሄድኩት፤ እናንተ እንዲህ ከደረሰባችሁ አትደሩ፣ በዚያው ሰዓት ሂዱ፣ መልእክቶቹንም በንዴት አታጥፏቸው።

ሁለተኛውን ቤት እንዴት እንዳገኘሁ ልንገራችሁ። ጎረቤታችን አንኮበር የምታስተምር እህት አለቻት። አንድ ስልክ ብቻ! ሴትየዋ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጎራ ብላ ቤቱን አየችልን፣ ከባለቤቱ ጋር በቪዲዮ አገናኘችን፣ "ብርድ ልብስ ጨምሩላቸው" ብላም አዘዘችልን። ቀብዱ 500 ብር፣ ቀሪው ስንደርስ። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሰው ሰው የማይገኝበት ወረዳ የለም፣ እኔ ግን መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ቴሌግራም ነው። መንገዱንም በዚያው ጠይቁ፤ ሰላም ነው ወይ፣ ክፍት ነው ወይ የሚለውን ከዚያው አገር ሰው በላይ የሚነግራችሁ የለም።

የአክስቴ ልጅም በበኩሏ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ልጆቿ የአሜሪካ ፓስፖርት ስላላቸው ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተች፤ ባንዲራችን አለበት፣ ሁሉም ነገር የመንግሥት ይመስላል፣ ዋጋው ግን ጣሪያ ነክቷል። ለካ ማስታወቂያ ከፍሎ ከላይ የተቀመጠ አማላይ ገጽ ነው። የመንግሥቱ የኢ-ቪዛ አድራሻ መጨረሻው "ጎቭ ዶት ኢቲ" ነው። እሷ ያስተዋለችው የካርድ ቁጥሯን ጽፋ ከጨረሰች በኋላ፣ አንድ ጣት ሲቀራት ነው።

አዲስ አበባ ሲገቡ ባሏን ቁጭ አድርጌ ስለ ሿሿ አስተማርኩት፤ ወንድሜ አምና ስልኩን ያጣው በዚሁ ስለሆነ አበክሬ ነው የነገርኩት። ለማታውቁት፦ ሚኒባሱ ቆሞ ይጠራችኋል፣ ውስጥ ያሉት በሙሉ ተሳፋሪ ይመስላሉ፣ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። አንዱ "ጠጋ በል" ይላል፣ አንዱ በሩ አልተዘጋም ብሎ ላያችሁ ላይ ይወጣል፣ ሌላው መስኮት ይታገላል፣ በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ኪሳችሁ ባዶ ይሆንና "ውይ፣ በዚህ በኩል አንሄድም፣ ውረድ" ብለው አውርደዋችሁ እብስ። ገንዘብ ሳይቀበሉ ስላወረዷችሁ አመስግናችሁ ሁሉ ልትወርዱ ትችላላችሁ፣ ወንድሜ አመስግኗል። ባሏ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስልኩን የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከላይ ቁልፉን ዘጋው።

ለጉዞው ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። ሹፌሩን ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ይሉኝታዬን ደብረ ብርሃን ትቼ ወጥቻለሁ። ዋጋው ነዳጁን፣ የእሱን ማደሪያና አበል፣ መጠበቁንም እንደሚጨምር በመልእክት ጻፍኩለት፣ "እሺ" ብሎ መለሰልኝ። የሰሌዳ ቁጥሩን ለእማዬ ላክሁ። ቅር ይለዋል ብዬ ነበር፤ እሱ እቴ፣ "እንዲህ ሲሆን ነው ደስ የሚለው፣ በኋላ አንጨቃጨቅም" አለኝ። ስንት ዓመት በከንቱ ተሳቅቄያለሁ!

አንኮበር ስንደርስ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ወጣን። ስንወርድ አንድ ጎረምሳ ባሏን ለብቻው ነጠለው። መሐረቡን ፈታ፣ ማርትሬዛ ብር። "የምኒልክ ዘመን ነው፣ ያያቴ ነው፣ ይኸው 1780 ይላል" አለው። እኔ ደግሞ ማርትሬዛን ከአያቴ አንገት ላይ አውቀዋለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል 1780 ነው የሚሉት፣ በፈረንጆቹ! ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ስለሞተች ከዚያ በኋላ የተሠሩትም በሙሉ ያው ዓመት ነው የተጻፈባቸው። ዓመቱ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግራችሁም። ሐሰተኛም ሊሆን ይችላል። ደግሞ እውነተኛ ቅርስ ቢሆንስ? በ1992 በወጣው የቅርስ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፣ ቦሌ ላይ ተይዞ ሌላ ጣጣ ነው። ጎረምሳውን ተቆጣሁት፣ ባሏን ጎተትኩት። ልጁ "እትዬ፣ ገበያ አታበላሺ" አለኝ። እትዬ መባሌ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ጓሳ ላይ ምንም አልገጠመንም። ታርማ በር ላይ ፎቶ ለማንሳት ስንወርድ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ እንዲቀር አድርገናል፣ ከዚያ ወደ መንዝ ታጠፍን። ክፍያውን ለሚመለከተው ከፍለን ደረሰኝ ተቀበልን፣ አስጎብኚ ተሰጠን። መንዞች ጓሳውን ለ400 ዓመት ገደማ በራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው፣ ሣር እንኳ ያለ ፈቃድ አይታጨድበትም፤ እዚያ ቦርሳዬን ማቀፌ ራሱ አሳፈረኝ። ልጆቹ ጭላዳዎቹን ሲያዩ ትንሹ "ስልኬን ይወስዱታል?" ብሎ ጠየቀኝ። አይወስዱም የኔ ጌታ፣ እነሱ ሣር ነው የሚበሉት።

የአክስቴ ልጅ ስትሄድ 6,000ውን ልትሰጠኝ ፈለገች። አልቀበልም አልኳት፣ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ እማዬ ተቀበለችና ለእኔ ሳትሰጠኝ ቀረች። ያኛው ሌላ ታሪክ ነው።

ባለፈው ሳምንት ያንን ፎቶ ሌላ ቻናል ላይ አየሁት። ያው አልጋ፣ ያው ነጭ አንሶላ፣ የስልክ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሯል። አሁን ቤቱ ያለው አዋሽ ነው ይላል። ቬንትሌተሩ እንኳ ቦታውን አግኝቷል።