ሦስት ወንበር ላይ የተኛው የሜሪላንድ ተወካይ

ሜሪላንድ ውስጥ ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የአሜሪካን ታሪክ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ የመጀመሪያዎቹን ፕሬዝዳንቶች ያስተማርኩት እኔ ራሴ አገር ቤት የነገሥታትን ስም በተማርኩበት መንገድ ነበር፤ ዋሽንግተን፣ አዳምስ፣ ጄፈርሰን፣ ማዲሰን፣ ሞንሮ፣ ከነዘመናቸው በቃል ይጠኑ ነበር። ልጆቹ ፈተናውን አለፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አዳምስ ለምን ለሁለተኛ ጊዜ እንዳልተመረጠ ስጠይቅ፣ አንዲት ተማሪ «ተራው የጄፈርሰን ስለነበረ ነዋ!» አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ በስም ዝርዝር የተማረ ልጅ ሥልጣን በወረፋ የሚደርስ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ከዚያ ወዲህ ለዚህ ምዕራፍ ከሚሰጠኝ ጊዜ አብዛኛውን የማውለው በአንድ ምርጫ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1800 በተደረገው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሁለት ቁራጭ ወረቀት አድላለሁ፤ ሁለት ስም ይጽፋል፣ ማን ለፕሬዝዳንትነት ማን ለምክትልነት እንደሆነ ግን መለየት አይፈቀድለትም። የያኔው ሕገ መንግሥት ግዛቶቹን ወክለው ፕሬዝዳንቱን ለሚመርጡት መራጮች የሰጠው ሥርዓት ይኸው ነበር፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ፕሬዝዳንት፣ ተከታዩ ምክትል ይሆናል። ሕጉ ሲረቀቅ ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልታሰበ፣ በ1796 አዳምስን ከተቀናቃኙ ከጄፈርሰን ጋር አንድ መንግሥት ውስጥ አስቀመጣቸው፤ በ1800 ደግሞ የባሰ አመጣ። የአዳምስ ፓርቲ ሰዎች፣ ፌዴራሊስቶቹ፣ አንዱ መራጫቸው ሁለተኛ ድምፁን ለሌላ ሰው በመስጠቱ አዳምስን በ65፣ ለምክትልነት ያሰቡትን ፒንክኒን በ64 ለዩ። ያሸነፉት የጄፈርሰን ፓርቲ ሰዎች፣ ሪፐብሊካኖቹ (የዛሬው ፓርቲ አይደለም) ይህን ሳያደርጉ ቀሩና፣ ጄፈርሰንና ምክትሉ እንዲሆን የታሰበው አሮን በር እኩል 73 ድምፅ አገኙ። ክፍሌ ውስጥ ወረቀቱን የሚቆጥረው ልጅ ሁልጊዜ ደግሞ ይቆጥራል፤ «ተሳስቼ መሰለኝ፣ እኩል ሆኑብኝ» ይላል።

ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። በዚያ 16ቱ ግዛቶች እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ሲኖራቸው፣ ለማሸነፍ 9 ያስፈልግ ነበር። ፌዴራሊስቶቹ ከጄፈርሰን ይልቅ በርን ደገፉና ጄፈርሰን 8፣ በር 6 አገኙ፤ የቬርሞንትና የሜሪላንድ ተወካዮች እኩል ለእኩል ስለተከፈሉ የሁለቱ ግዛቶች ድምፅ ለማንም አልሆነም። የግዛታቸው ስም ሲነሳ ልጆቹ ጆሯቸው ይቆማል። ከሜሪላንድ 8 ተወካዮች አንዱ የሆነው ጆሴፍ ኒኮልሰን በብርቱ ትኩሳት ታሞ ነበር፤ እሱ ከቀረ ግዛቱ ወደ በር ያጋድላል። ስለዚህ በበረዶ ውስጥ ተሸክመው ምክር ቤቱ ወደሚሰበሰብበት ሕንፃ፣ ካፒቶል፣ አመጡት፤ አንድ የኮሚቴ ክፍል ውስጥ ተኝቶ፣ ሚስቱ እያስታመመችው፣ ድምፅ በተሰጠ ቁጥር የጄፈርሰንን ስም ይጽፍ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኒኮልሰንን የሆነው ልጅ፣ በወትሮው አንድ ቃል የማይወጣው፣ ሦስት ወንበር ገጥሞ ጃኬቱን ተከናንቦ ተኛ፤ ሳጥኑ በዞረ ቁጥር እያቃሰተ እጁን ይዘረጋል። በሰባተኛው ዙር የበር ወገኖች ሰልችቷቸው «በቃ እንስጣቸው» ማለት ጀመሩ። እነዚያ ተወካዮች ግን ከፌብሩዋሪ 11 እስከ 17፣ 1801 ድረስ 36 ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል፤ በመጨረሻው ዙር የደላዌሩ ጄምስ ባያርድና ሌሎች ፌዴራሊስቶች ለበር መምረጣቸውን ሲተዉ ጄፈርሰን በ10 ግዛቶች አሸነፈ። ለፕሬዝዳንትና ለምክትል ድምፅ ለየብቻ እንዲሰጥ ያደረገው 12ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1804 ለምን እንደመጣ ከዚህ በኋላ ማብራራት አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ግን በጨዋታው ሙቀት እንዳይዋጥ እጠነቀቃለሁ። የግዛቶች የመራጭ ብዛት ሲሰላ በባርነት የተያዘ ሰው እንደ ሦስት አምስተኛ ይቆጠር ነበር፤ ተቆጣሪው ራሱ ድምፅ የለውም፣ የደቡብ ግዛቶች ድምፅ ግን በእሱ ይበዛል። ይህን በትወና አላስተምርም፤ ክፍልፋዩን ሰሌዳ ላይ እጽፍና ከጎኑ 73 እና 65 አስቀምጬ ዝም እላለሁ። ልዩነቱ 8 ብቻ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ከመጽሐፉ ጥያቄዎች ሁሉ ይከብዳል።

ደወሉ ሲደወል ያ ልጅ ከወንበሮቹ ተነስቶ «ሰውዬው ሞተ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልሞተም፤ እስከ 1817 ኖሯል። ዳኛም ሆነ፤ በ1814 የሚስቱ እህት ባል የነበረው ፍራንሲስ ስኮት ኪ የጻፈውን፣ ኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር የሆነውን ግጥም ባልቲሞር ውስጥ ያሳተመውም እሱ ነው። ልጁ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ታዲያ ይህን ለምን አስቀድመው አልነገሩኝም?» አለኝ።