የሰሞኑ ጥናቴ፦ «ፑት ኦፍ»

የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርቦችን፣ ማለትም ግስ እንደ «ኦፍ» እና «አፕ» ካሉ አጫጭር ቃላት ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም የሚሰጥባቸውን፣ በዝርዝር መሸምደድ ከተውኩ ቆይቻለሁ። በአንድ ሌሊት ሃምሳ የሚያስጠኑ ወረቀቶች ለፈተና ይጠቅሙ ይሆናል እንጂ አፍ አያስፈቱም። አሁን አንዱን ይዤ አገላብጬ ሳልጨርስ ወደ ሌላው አልሄድም። የሰሞኑ ተረኛ «ፑት ኦፍ» ነው።

ዋናው ትርጉሙ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው። ብዙዎቻችን የምናምታታው ከ«ኮል ኦፍ» ጋር ነው፤ ያኛው ጨርሶ መሰረዝ ነው። እኔን ልዩነቱን ያስያዘኝ የኦሊምፒክ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. የ2020 የቶኪዮ ኦሊምፒክ በኮሮና ምክንያት ሲተላለፍ «ፑት ኦፍ» ተባለለት፤ በ2021 ተካሂዶ ሰለሞን ባረጋ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ወሰደ። መጀመሪያ ለቶኪዮ፣ ኋላም ለሄልሲንኪ ተሰጥቶ የነበረው የ1940ው ግን በጦርነት ሳቢያ ጭራሹን ቀረ። ለእሱ የሚሆነው «ኮል ኦፍ» ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ጊዜ የወሰደብኝ የቃላቱ አሰላለፍ ነው። «ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ» እና «ፑት ዘ ሚቲንግ ኦፍ» ሁለቱም ያስኬዳሉ። በስሙ ፋንታ ተውላጠ ስም ከገባ ግን ቦታው መሃል ብቻ ነው፦ «ፑት ኢት ኦፍ»። «ፑት ኦፍ ኢት» ስህተት ነው። ግስ ሲከተለው ደግሞ «አይ ፑት ኦፍ ጎይንግ ቱ ዘ ዴንቲስት» እንላለን፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄዱን ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁት እንደ ማለት። እዚህ «ቱ ጎ» አይገባም። ኃላፊ ጊዜውም ያው «ፑት» ስለሆነ ከ«ጎ» እና «ዌንት» ዓይነት ጣጣ ያድነናል። በ«ሂ» ጊዜ ብቻ ልብ በሉ፦ «ሂ ፑትስ ኢት ኦፍ» ልማዱን ሲናገር፣ «ሂ ፑት ኢት ኦፍ» ያለፈውን ይናገራል።

ይበልጥ የወደድኩት መሃል ላይ ሰው ሲገባ የሚመጣውን ነው። «ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ» ማለት ሽታው ፍላጎቴን ዘጋው ማለት ነው። ቀጠሮ የለም፣ ማስተላለፍም የለም። ነገር ግን ተበዳሪ አበዳሪውን «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» እያለ ሲያመላልሰውም «ሂ ኪፕስ ፑቲንግ ሂም ኦፍ» ይባላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው፤ እኔም እነዚህን ሁለቱን በንባብ ውስጥ ባገኘኋቸው ቁጥር ደብተሬ ላይ እያሰፈርኳቸው ነው።

የሚቀጥለው «ፑት አፕ ዊዝ» ነው፤ መታገሥ፣ ችሎ መኖር። እዚያ ደግሞ «ኢት» መሃል መግባቱ ቀርቶ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል።