ከውስጥ የተቀደደ ከመነዳሪ

ሐዋሳ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው በአብዛኛው ከጎማ ጋር ነው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ዳቦ አመላላሹም ብስክሌት ይነዳል። መንገድ ዳር ደግሞ እሾህ አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ሰው "ጎማዬ ተነፈሰ" ብሎ ሲመጣ ማንም አይመራመርም። ከመነዳሪው፣ ማለትም አየር የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ ይወጣል፣ ባልዲ ውስጥ ይነከራል፣ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ይፈለጋል፣ ይፋቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ይለጠፋል። ቀጣይ!

እኔ የምሠራው መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ነው። አለቃችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ብስክሌት ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እጃቸው ፈጣን ነው። አፋቸውም እንደዚያው።

ደንበኛው ወጣት መምህር ነው። ከታቦር ተራራ በኩል ተነስቶ አቶቴ አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት በየቀኑ በብስክሌት ይመላለሳል። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ሻንጣውን ኋላ ጭኖ ራቅ ወዳለ ቦታ መንዳት ይወዳል። ወንዶ ገነት ሄዶ ፍል ውሃ ታጥቦ ተመልሷል። ያን ሰሞን ያሰበው ዲላ ነበር። ብስክሌቱንም ለዚያው ብሎ አሰናድቶታል። ጭቃ የሚከላከል ፓራፋንጎ አስገጥሟል፣ ወገቡ እንዳይጎብጥ መሪውን ከፍ አስደርጓል፣ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶመጋላ አሠርቶ ፍሬሙ ላይ አስበይዷል። ብየዳው ራሱ ሌላ ወሬ ነው። ስስ ቱቦ ላይ እሳት ከማስነካት በብሎን ማሰር ይሻል ነበር። ግን ከተበየደ በኋላ ምን ይባላል?

ያስቸገረው የኋላ ጎማው ነው። ይተነፍሳል። እንለጥፋለን። ደግሞ ይተነፍሳል። ጋሼ "እሾህ ነው" ብለው ወፈር ያለ አዲስ ጎማ ሸጡለት። አዲሱም ተነፈሰ። መምህሩ በመጨረሻ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

"ጋሼ፣ እኔ የምነዳው አስፋልት ላይ ነው። ይሄን ሁሉ እሾህ ከየት አመጣዋለሁ?"

"እሾህ ደግሞ አስፋልትና ኮረኮንች ይመርጣል እንዴ?"

"ቅዳሜ ዲላ ልሄድ ነው። መንገድ ላይ ቢተነፍስብኝ ምን ይውጠኛል?"

"ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ ያዝ።"

ረዳታችን ልጅ ከመነዳሪውን አውጥቶ ወደ ባልዲው ሊወስደው ሲል ተቀበልኩት። ልጥፎቹን ሳያቸው ሁሉም ያሉት በአንድ ወገን ነው። ከመነዳሪ ወገን አለው። በውጪ በኩል ጎማውን ይነካል፣ በውስጥ በኩል ጎማው የሚቀመጥበትን የብረት ቀለበት፣ ቸርኬውን። እሾህ የሚገባው በውጪ በኩል ነው። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ካየህ ደግሞ አየር ጎድሎ ሳለ ጉድጓድ ተገጭቷል፣ ቸርኬው ከመነዳሪውን ቆንጥጦታል ማለት ነው። የመምህሩ ቀዳዳዎች በሙሉ በቸርኬው በኩል ነበሩ። በዚያ ላይ ሁሉም ከቫልቩ አንድ ስንዝር በማይሞላ ቦታ ላይ ተጠጋግተዋል። ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ቦታ መርጦ የሚወጋ እሾህ አላውቅም።

ቫልቩን በቀዳዳው አስገብቼ ከመነዳሪውን ቸርኬው ላይ አስተኛሁት። ልጥፎቹ ያረፉበት ቦታ ላይ የላስቲክ ጥብጣቡን ገለጥ ሳደርግ የአንዷ ሽቦ ጫፍ ቸርኬው ላይ ከምታጠብቃት ትንሿ ዳዶ አልፋ ወጥታ ጣቴን ጫረችኝ። ከልኳ በላይ ረዝማለች። ሽቦዋን ተከትዬ ሽቦዎቹ መሐል ላይ ወደሚሰኩበት ሞዞ ወረድኩ። ትክክለኛ ሽቦ ጫፉ ላይ ራስ አለው፣ ከዚያ ይታጠፋል፣ በሞዞው ቀዳዳ ውስጥ አልፎ ይያዛል። ይቺ ግን ራስ የላትም። ጫፏ ተቆርጦ፣ በፒንሳ ሁለት ጊዜ ተጣምሞ፣ ቀዳዳው ላይ ተንጠልጥላለች።

ለምን እንደዚያ እንደተሠራች ገባኝ። በቀኝ በኩል የማርሹ ጥርሶች የሞዞውን ቀዳዳ ይሸፍናሉ። አዲስ ሽቦ በወጉ ለማስገባት ጥርሱ መውለቅ አለበት፣ ለዚያ ደግሞ የራሱ መፍቻ ያስፈልጋል። መፍቻ የሌለው ሠራተኛ ሽቦውን አጣምሞ ያንጠለጥላል። የት እንደተሠራ አልጠየቅኩም። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ዘዴው ክፉ አይደለም፣ እኔም ብቀር የማደርገው ይሄንኑ ነው። ግን ቤት ለመድረስ ያህል እንጂ ሻንጣ ተጭኖበት ሊኖሩበት አይደለም።

"ሽቦ ተሰብሮብህ ያውቃል?" አልኩት።

"ክረምት ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ይሰበራል። ያስቀይሩኛል።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግረን?"

"እኔ የመጣሁት ለጎማ ነዋ!"

ልክ ነው። እኛም የጠየቅነው ስለ ጎማ ብቻ ነበር።

ጋሼ መጥተው የብስክሌቱን የኋላ እግር በእጃቸው አሽከረከሩት። በፍሬኑ ጎማዎች መሐል ቀጥ ብሎ ዞረ። "ይኸው ቀጥ ብሏል! ያቺን አንዷን ቀይርና ልቀቀው፣ ሰው አታጉላላ" አሉ።

ቀጥ ማለቱማ እውነት ነው። ነገሩ ያለው ሽቦዎቹ ውስጥ ነው። ክራር የቃኘ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣትህ ስትመታቸው ድምፅ ይሰጣሉ። በኋላ እግር ላይ የቀኙ ወገን ከግራው ቀጠን ያለ ድምፅ አለው፤ ጥርሱ ቦታ ስለሚይዝ የቀኝ ሽቦዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ቸርኬውን መሐል ለማስቀመጥም ይበልጥ ይወጠራሉ። የአንድ ወገን ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ግን መቀራረብ አለባቸው። የመምህሩ የቀኝ ወገን አንዷ ትጮሃለች፣ ጎረቤቷ ዱብ ትላለች፣ ቀጥላ ያለችው ጭራሽ ላልታ በጣት ትወዛወዛለች። ቸርኬው ጉድጓዱ ውስጥ ያኔ ጠሟል። ያስተካከለው ሰው የተወሰኑትን ሽቦዎች እስኪበቃቸው ወጥሮ፣ ሌሎቹን አላልቶ፣ በጉልበት ቀጥ አድርጎታል። ለዓይን ደህና ነው።

እግሩ በዞረ ቁጥር ወደ መሬት የደረሰችው ሽቦ ትንሽ ትላላለች፣ ስታልፍ ትወጠራለች። በደንብ የተወጠረች ከሆነ ይሄ ምንም አያደርጋትም። የላላችው ግን መታጠፊያዋ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ የላሉት ያልያዙትን ጭነት ደግሞ የተወጠሩት ይሸከሙታል። ባለ 26 ጎማ አንዴ ሲዞር የሚሄደው 2 ሜትር ከትንሽ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ወደ 480 ዙር ይመጣል። ዲላ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ40 ሺህ ዙር በላይ ማለት ነው፣ ያውም ሻንጣ ተጭኖ። ሽቦ በአንድ ቀን አይሰበርም፤ ሲደክም ከርሞ ነው ጠብ የሚለው። አንዷን ስትቀይር ሌሎቹ አብረዋት የደከሙት እዚያው አሉ።

"ጋሼ፣ ይሄ ልጅ መንገድ ላይ አለታ ወንዶ ጋ ቢቀር የሚያነሳው የኛን ስም ነው" አልኳቸው።

መልስ አልሰጡም። ጎንበስ ብለው ሽቦዎቹን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉ። ዞረው ግራውንም መቱ። ከዚያ ቀና ብለው መምህሩን "ቅዳሜ የለም" አሉት።

መምህሩ ተነጫነጨ። አይፈረድበትም፣ ፈቃዱ አጭር ነው።

ጥርሱን ማውለቅ ራሱ ትግል ነበር። ፔዳል በተመታ ቁጥር ይበልጥ ስለሚጠብቅ በእጅ ቁልፍ አልበገር አለ። መፍቻውን ብረት ቆንጥጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስረን፣ እግሩን ከላይ አስቀምጠን፣ ቸርኬውን በሁለት እጅ ይዘን ወደ ግራ ስናዞረው ጓ ብሎ ለቀቀ። ሽቦዎቹን በሙሉ ፈትተን ባዶውን ቸርኬ ጠረጴዛ ላይ ስናስተኛው አንድ ጎኑ ከጠረጴዛው ተነሳ። ረዳታችን ጣቱን በሥሩ አሳለፈ። ጋሼ ያን ሲያዩ "ጉድ ነው" ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩም።

ባለ 36 ቀዳዳ አዲስ ቸርኬ ተገዛ፣ ሽቦዎቹም ሁሉም በአዲስ ተተኩ። የቀኞቹ ከግራዎቹ በአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያጥራሉ፣ እሱን ለይቶ መግዛት ነው ዋናው። ሥራውን ጋሼ ራሳቸው ያዙት። እውነቱን ለመናገር እንደሳቸው ሽቦ የሚሰካ አላየሁም። ዳዶዋን ሩብ ሩብ ዙር ብቻ እያዞሩ፣ በየመሐሉ በጥፍራቸው እየመቱ ያዳምጣሉ። ሲጨርሱ ትይዩ የሆኑትን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እያደረጉ በመዳፋቸው ጨመቋቸው። ጣ ጣ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ሲጠብቁ ተጠምዝዘው የነበሩት ወደ ቦታቸው እየተመለሱ ነው። ይሄን የማያደርግ ጠጋኝ ያስረከበው እግር ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ይላላል።

ሂሳብ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። ያ ያለ ሥራው የተገዛ ወፍራም ጎማ አለ። ጋሼ የእጅ ዋጋቸውን ቀነሱለት። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም።

አሁን ረዳታችን ጎማ ሲገጥም የጎማውን ጽሑፍ ከቫልቩ ትክክል ያደርጋል። ቀዳዳ ሲያገኝ ጎማው ላይም ቸርኬው ላይም የት ጋ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል፤ የወጋው ነገር አሁንም ተሰክቶ ከሆነ በዳበሳ አይፈልግም። ባልዲው አልቀረም፣ ግን ከመለጠፉ በፊት የየትኛው ወገን ቀዳዳ እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል። ጋሼም ጎማ የተነፈሰበትን ሰው "ሽቦ ተሰብሮብህ ያውቃል?" ይሉታል። አንዳንዱ ደንበኛ ግራ ይገባዋል።

መምህሩ ዲላ ደርሶ የተመለሰው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነው። ጎማው አልተነፈሰም። ብስክሌቱን ጋራዡ ደጃፍ አቁሞ "ጋሼ፣ የፊቱንም እንደ ኋላው ፍቱልኝ፣ ብር ይዤ መጥቻለሁ" አለ። ጋሼ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ እጃቸውን ዘርግተው የፊቱን ሽቦዎች ዞሪያውን መታ መታ አደረጉ።

"ይሄ ምንም አልሆነም። ብርህን ያዝ።"