ያዘገየሁት ስእለት

በጥቅምት ወር 1999 ዓ.ም. ለበአታ ለማርያም ሁለት ነገር ተስዬ ነበር። አንደኛው የወርቀ ዘቦ ጥላ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 3 ቀን፣ በዓመታዊው ክብረ በዓል፣ እዚሁ ጎንደር በአታ አስገብቼዋለሁ። ሁለተኛው የተደረገልኝን በሰው ፊት መመስከር ነበር፤ እሱን ግን እስከ ዛሬ አዘገየሁት። ምክንያቱ ልጄ ናት። «የተማሩ ሰዎች ከሰል ቤት አስገብተው ተኙ ብለሽ ልታወሪ ነው እንዴ፣ እማዬ?» እያለች ስትከለክለኝ ኖራ፣ ዘንድሮ በራሷ አንደበት «አሁንስ ጻፊው» አለችኝ።

ልጄ ያን ጊዜ ከባለቤቷና ከአራት ዓመት ሴት ልጃቸው ጋር የምትኖረው በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በኤሪ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በበፋሎ ከተማ ነበር። ዓርብ ጥቅምት 3 ቀን፣ የወሩ በአታ ስለነበር ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመልሼ፣ ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ስልክ ደወለችና «በረዶ ጣለብን፣ መብራትም የለም» አለችኝ። እኔ በመጀመሪያ የታየኝ በመስከረም የገበሬውን ባቄላ የሚያራግፈው የእኛው በረዶ ነበር፤ ቋንቋችን እንደ ጠጠር የሚወርደውንም እንደ ጥጥ የሚወርደውንም በአንድ ስም በረዶ ይላቸዋልና። ያን እንደ ጥጥ ያለውን፣ አመዳይም የሚባለውን፣ በዓይኔ ያየሁት በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎች ይዤ ወደ ሰሜን ተራሮች በወጣሁ ጊዜ፣ ያውም ከሩቅ፣ የቧሂት ራስ ነጥቶ ሳለ ነው።

በፋሎ በበረዶ የታወቀች ከተማ ናት፤ በዚያ ዓመት ያልተለመደው ጊዜው ነበር። በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 12 ቀን 2006 ከሰዓት በኋላ የጀመረው እስከ ማግሥቱ ድረስ ሲጥል፣ በአውሮፕላን ማረፊያው 57 ሴንቲ ሜትር ያህል ተለካ። ሐይቁ የበጋውን ሙቀት ገና አልጣለም ነበር፤ ቀዝቃዛው አየር በላዩ ሲያልፍ እርጥበቱን እየቀዳ ከተማዪቱ ላይ አራገፈው። ይህን ለሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ማስረዳት አያቅተኝም። ያልገመትሁት የዛፎቹን ነገር ነው። ቅጠላቸውን ገና ስላላረገፉ፣ ውኃ የቋጠረው ከባድ በረዶ በየቅጠሉ ላይ ተከምሮ ቅርንጫፎቹን ከነግንዳቸው ሰበራቸው፤ እነሱም በመብራት ሽቦዎቹ ላይ ወደቁ። ልጄ «ሌሊቱን ሙሉ ተኩስ ያለ መስሎኝ ነበር» ነው ያለችኝ። ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞች መብራት ተቋረጠባቸው፤ ከሳምንት በላይ በጨለማ የቆዩም ነበሩ። የቤቷ ማሞቂያ በጋዝ የሚሠራ ቢሆንም ማራገቢያው ያለ መብራት ስለማይዞር፣ ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር። «አታስቢ፣ እንሞቃለን» ብላ ዘጋችው።

ያቺ «እንሞቃለን» የምትለው ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ምን እንዳስጨነቀኝ ግን አላወቅሁም። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ጧፍ አብርቼ፣ እመቤታችን በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ የገባችበትን ቀን እያሰብሁ፣ «የልጅ ልጄን ከብርድ ጠብቂልኝ» እያልሁ ስለምን አደርሁ። የለመንሁት ስለ ብርድ ብቻ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም። ንጋት ላይ ግን፣ የጧፉ ጭስ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ድንገት ተነሣ፤ ባለፈው ክረምት ለቡና ማፍያ ብዬ በዘመድ እጅ የላክሁላት የሸክላ ምድጃ። አብሮትም፣ ከብዙ ዓመት በፊት በኪራይ ቤት ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው በዚያው የቀሩት ሁለት ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ፍም የሆነ ከሰል ምን ያደርጋል?» ይል ነበር። ፍምም ይገድላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፣ ሰው መታፈኑን ሳያውቅ ያንቀላፋል።

እኔ ወደ ውጭ አገር ደውዬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የምትደውለው እሷ ነበረች። ቁጥሯን ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ ፈልጌ፣ መስመሩ አልገባ እያለኝ ደጋግሜ ሞከርሁ፤ የተሳልሁትም ያን ጊዜ፣ እጀታው በእጄ እንዳለ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጠራ። እዚያ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። የእጅ ስልኮቻቸው ባትሪ አልቆ ጠፍተዋል፤ የጠራው ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው፣ መብራት የማይፈልገው አሮጌ ባለሽቦ ስልክ ነው። ባለቤቷ «ለምን በከንቱ እንከፍላለን?» እያለ ሊያስቆርጠው ሲል፣ ጎንደር የምትደውልበት ስለሆነ እምቢ ያለችው እሷ ናት።

ስታነሣው ምላሷ ተሳስሮ ነበር። «እማዬ፣ ራሴን አመመኝ» አለችና ሳቀች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ምድጃው የት ነው?» ብዬ ጮኽሁ። «እዚህ... ከእግራችን ሥር።» «መስኮቱን ክፈቺ! ሕፃኗን ይዘሽ ውጪ!» ከዚያ በኋላ የሰማሁት እጀታው ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ነው፤ ቀጥሎ የመስኮት መከፈት፣ ቀጥሎ ምንም። መስመሩ ሳይዘጋ ስንት ደቂቃ እንደቆምሁ አላውቅም፤ ጎረቤቴ ገብታ ያገኘችኝ ስልኩን እንደያዝሁ ነው።

በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዳዴ ሄዳ በሩን ከፈተችው፤ ባለቤቷ ተነሥቶ መቆም አቅቶት እያስታወከ ወጣ፤ ሕፃኗ ግን ብትጠራም አልነቃችም። በረዶው ላይ አስተኝታት ፊቷን በበረዶ ስታሻት ዓይኗን ገለጠች። መንገዱ ሁሉ በወደቀ ቅርንጫፍ ተዘግቶ ስለነበር ጎረቤታቸው እስከ ዋናው ጎዳና በእቅፉ ይዟት ሄደ፤ ሐኪም ቤትም በኦክስጅን አድራ ዳነች። በዚያ ሰሞን በዚያች ከተማ በዚሁ ጋዝ የሞቱ ሰዎች ነበሩ።

ምድጃውን የላክሁት እኔ መሆኔን ማንም ነቅፎኝ አያውቅም። አስተማሪ የነበረ አንድ ወዳጄ «ትዝታሽ ነው የነቃው እንጂ ሌላ ምን አለበት?» ብሎኛል፤ ትዝታዬ ለመሆኑ እኔም አልክደውም። ግን እነዚያን ሁለት ልጆች ለዓመታት ረስቻቸው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ማን እንደቀሰቀሳቸው እኔ አውቃለሁ።

የልጅ ልጄ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ እናቷን «አያቴ ትጻፈው» ብላ ያስፈቀደችልኝም እሷ ናት። ጥላው በአታ አለ፤ ይኸው ሁለተኛውም ተፈጸመ።