የእግዚአብሔር ጸጸት
በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 ቁጥር 11 ላይ እግዚአብሔር ሳኦልን በማንገሡ እንደ ተጸጸተ ይናገራል፤ በቁጥር 29 ግን ሳሙኤል፣ እርሱ እንደ ሰው የሚጸጸት አይደለም ይላል። ጸሐፊው ሁለቱን እንዲህ አቀራርቦ ያኖራቸው ሳያስተውል ነው ብዬ አላምንም። የእኛ ጸጸት አብዛኛውን ጊዜ ከአለማወቅ ይመነጫል፤ የእርሱ ግን የሚመጣውን እያወቀ የወደደ አምላክ ኀዘን ይመስለኛል። ይህን ይበልጥ የሚያጎላልኝ ሆሴዕ ምዕራፍ 11 ነው፤ በዚያ እግዚአብሔር ኤፍሬምን፣ ማለትም የእስራኤልን ሕዝብ፣ እንደ ሕፃን በእግሩ መሄድ እንዳስተማረው ያስታውሳል፣ ልቡም በውስጡ ይናወጣል፣ የቍጣውን መዓት የማያደርግበትን ምክንያት ሲገልጽም ሰው ሳይሆን አምላክ መሆኑን ይጠቅሳል። ስለዚህ ምሕረቱ የሚመነጨው ስሜት የሌለው ከመሆኑ ነው የሚሉ መምህራንን (ገጥመውኛል) ለመቀበል እቸገራለሁ። ክርስቶስም ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ ያለቀሰው ሊያስነሣው እንደ ሆነ እያወቀ ነበር።