ሰጋቱራው ሲደቅ

የሲኤንሲ ራውተሩ፣ ማለትም በኮምፒውተር ኮድ የሚመራው የእንጨት መቅረጫ ማሽን፣ የፍጥነት ሰንጠረዥ ከማሽኑ በላይ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቁጥሩን ይነግራል፣ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ምክንያቱ የተረሳ ዕለት ቁጥሩም አይጠቅምምና እዚህ ላይ ላስፍረው።

የሲኤንሲ ራውተር ነገር ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ልኬት ላይ ነው፦ አንዱ የቢት (የሚሽከረከረው መቁረጫ) ስለት በአንድ ዙር ከእንጨቱ የሚያነሳው ፍቅፋቂ ምን ያህል ይወፍራል? ለ6 ሚሊ ሜትር ቢት፣ ዋንዛም ሆነ ኮምፔንሳቶ ላይ፣ 0.1 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ለ3 ሚሊ ሜትር ቢት 0.05 ይበቃል። ይህን በስለቱ ብዛትና በደቂቃ ዙር ማባዛት ነው፤ የሚገኘው የጉዞ ፍጥነት፣ ማለትም ኮዱ ላይ ኤፍ ተብሎ የሚጻፈው ነው። ባለ ሁለት ስለት የ6 ሚሊ ቢት በ18,000 ዙር 3,600 ሚሊ ሜትር በደቂቃ ይጠይቃል።

ጣጣው እዚህ ይጀምራል። በቀበቶ የሚሄድ ትንሽ ማሽን በ3,600 እንጨት ውስጥ ሲገባ ይንቀጠቀጣል። ሰው ይደነግጥና ኤፍን ወደ 800 ያወርዳል፣ ሞተሩን ግን እንዳለ ይተወዋል። 800ን ለ36,000 ማካፈል ነው፤ 0.022 ይመጣል። ስለቱ በዚህ ውፍረት መቁረጡ ይቀርና እንጨቱን ማሸት ይጀምራል። ጠርዙ ይጠቁራል፣ ቢቱ ይግላል፣ የጋለው ይደንዛል፣ የደነዘው ደግሞ ይብሱን ያሻል። ቀስ ማለት ቢት ያተርፋል የሚለው እምነት ብዙ ቢት በልቷል።

መውረድ ያለበት ዙሩ ነው። ማኪታ አርቲ 0700 በሚባለው ሞተር ላይ መዘውሩን 2 ላይ ማድረግ ወደ 12,000 ያወርደዋል፤ ኤፍ 2,400 ይሆናል። እሱም ከከበደ ባለ አንድ ስለት ቢት መግጠም፣ ኤፍን 1,200 ማድረግ። ውፍረቱ ያው 0.1 ነው።

ጥልቀት ላይ መነሻዬ የቢቱ ውፍረት ግማሽ ነው፤ ለ6 ሚሊ 3 ሚሊ ሜትር። ወይራ ላይ ከ1.5 አላልፍም። ማሽኑ ከጮኸ መጀመሪያ የሚቀነሰው ጥልቀት ነው፣ ምክንያቱም ጫናው ይቀንሳል እንጂ የፍቅፋቂው ውፍረት አይነካም። 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በስድስት ምልልስ ያልቃል፣ የመጨረሻው 0.2 ወደ ማስደገፊያው ጣውላ ይግባ። (18 ተብሎ የተሸጠው 18 መሆኑን በካሊፐር ሳይለኩ አለማመን ነው።)

መመርመሪያው መዳፍ ላይ ነው። ከሰጋቱራው ቆንጥሮ ማሸት፦ ጠርዝ ያለው ቅንጣት ከተገኘ ደህና ነው። እንደ በሶ ከደቀቀ ስለቱ እያሸ ነው። ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ግን ምንጊዜም ዱቄት ነው፣ በዚህ አይፈተንም። እሱ ላይ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ቢቱን መንካት ነው። ለብ ካለ ጥሩ ነው፤ ጣት ካላስጠጋ ዙሩ በዝቷል።

ፊደል ሲቀረጽ ማዕዘን ማዕዘኑ ብቻ የሚያርረው ለምንድን ነው? ኮዱ ላይ 2,400 ስለተጻፈ ማሽኑ 2,400 ይደርሳል ማለት አይደለም። የጂአርቢኤል (ማሽኑን የሚነዳው ሶፍትዌር) ፍጥነት መጨመሪያ ቅንብር 200 ከሆነ ከቆመበት ተነስቶ እዚያ ለመድረስ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ሶፍትዌሩ ሲጫን ይዞት በሚመጣው 10 ላይ ከሆነ ግን 80 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። 20 ሚሊ ሜትር በማትሞላ የፊደል እግር ላይ ይህ የማይሆን ነገር ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ዙሩ እየተሽከረከረ ቢቱ እየተንፏቀቀ ያልፋል። ለፊደል ሥራ ዙሩን ከስሌቱም ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ቁልቁል መግባት በኤፍ ሲሶ ነው፣ ከተቻለም በዘቅዛቃ።

ለጠርዝ ማሳመሪያ 0.6 ሚሊ ሜትር ትቶ በመጨረሻ ማንሳት ይቻላል። ለጥራት ብሎ እዚያ ላይ ቀስ ማለት ግን ስህተት ነው። ቢቱ ከወርዱ አንድ አሥረኛውን ብቻ ሲነክስ ፍቅፋቂው በራሱ ይሳሳል፤ በ2,400 እንኳ 0.1 የነበረው ወደ 0.06 ይወርዳል። ጫናው ስለቀለለ ማሽኑ ይችላልና ኤፍን ወደ 4,000 መግፋት፣ ካልቻለ ዙሩን 10,000 ላይ አድርጎ ወደ 3,300።